የቢግ ኢስት ሲዝን ሊጀመር ነው፤ ቅድመ ግምቱን እንዴት እናንብበው?

"ጋሼ፣ ሴንት ጆንስን አንደኛ አድርገውታል፤ አዩት?"

የእህቴ ልጅ ነው። እራት እየበላን ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖታል። በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ልጁ የጆርጅታውን ደጋፊ ነው፤ እኔም ነኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ሌላ የኮሌጅ ቡድን ልቤ አልገባም። የፈረንጆቹ ኦክቶበር በመጣ ቁጥር እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ይጎርፋል። ማን አንደኛ ይወጣል? ማን መጨረሻ ይሆናል? የትኛው ተጫዋች ይደምቃል? ልጁ ዝርዝሩን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው የሚያነበው። እኔ ደግሞ ከአንድ ቅድመ ግምት ውስጥ ብዙም የማይጠቅመው ደረጃው ነው እላለሁ። ጥቅሙ ያለው ደረጃውን ለማውጣት በተነሱት ጥያቄዎች ላይ ነው። ለእሱ ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው። ሲዝኑ ሊጀመር የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ኖቬምበር 3፣ 2025 ይከፈታል። ቀንና ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቢግ ኢስት ኮንፈረንስ ነው፤ መጀመሪያ ለአዲስ አንባቢ ኮንፈረንስ ምን እንደሆነ ልበል። አሜሪካ ውስጥ በአንደኛው ዲቪዚዮን የሚጫወቱ ከ350 በላይ የወንዶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች አሉ። ሁሉም ከሁሉም ጋር መጫወት አይችሉም። ስለዚህ በየኮንፈረንሱ ተከፋፍለዋል። ኮንፈረንሱን እንደ ፕሪሚየር ሊግ ውሰዱት፤ ማርች ማድነስ የሚባለውን ብሔራዊ ውድድር ደግሞ እንደ ቻምፒየንስ ሊግ። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ፕሪሚየር ሊግ ላይ በነጥብ አንደኛ የወጣ ዋንጫውን ያነሳል፣ አለቀ። እዚህ ከመደበኛው ሲዝን በኋላ የኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ ይመጣል። ወደ ብሔራዊው ውድድር በቀጥታ የሚያልፈው የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ሆኖ የከረመ ቡድን በአንድ መጥፎ ምሽት ቀጥታ ትኬቱን ሊያጣ ይችላል። ብሔራዊው ውድድር 68 ቦታ አለው። 31ዱ ለኮንፈረንስ አሸናፊዎች የተያዘ ነው። የቀረውን 37 ቦታ አንድ ኮሚቴ ቁጭ ብሎ መርጦ ይሞላዋል። ይህን 37 ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቢግ ኢስት በ1979 የተመሠረተ ነው። ዛሬ 11 ቡድኖች አሉት፦ ሴንት ጆንስ፣ ዩኮን፣ ክሬይተን፣ ማርኬት፣ ፕሮቪደንስ፣ ጆርጅታውን፣ ቪላኖቫ፣ ዛቪየር፣ በትለር፣ ሲተን ሆልና ዲፖል። ዩኮን የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከመካከላቸው የመንግሥት እሱ ብቻ ነው። ዘጠኙ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ሁሉም ከሁሉም ጋር በደርሶ መልስ ይጫወታሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን በኮንፈረንሱ ውስጥ 20 ጨዋታ አለው። ጥሎ ማለፉ ከ1983 ጀምሮ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ነው የሚካሄደው። ዘንድሮ ከማርች 11 እስከ 14 ነው።

ደረጃው ከየት ይመጣል?

ልጁ ያሳየኝ የአሰልጣኞቹ ምርጫ ነው። አስራ አንዱ አሰልጣኞች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ማንም ለራሱ ቡድን መምረጥ አይችልም። ዘንድሮ ሴንት ጆንስን አንደኛ፣ ዩኮንን ሁለተኛ፣ ክሬይተንን ሦስተኛ አድርገዋል። በሌላ በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመርጡት የአሶሺዬትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች ዩኮንን 4ኛ፣ ሴንት ጆንስን 5ኛ አስቀምጠዋል። ሁለቱ ቡድኖች ያው ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ግን ተገልብጧል። ይህ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ ከዚያ በላይ ማንም አያውቅም።

ያለፉትን ዓመታት ዞር ብላችሁ እዩ። በ2022 መከር ላይ አሰልጣኞቹ ማርኬትን 9ኛ አደረጉት። ማርኬት 17 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ኮንፈረንሱን በአንደኝነት ጨረሰ፤ ጥሎ ማለፉንም ወሰደ። በዚያው ዓመት 4ኛ የተባለው ዩኮን የአገሪቱ ቻምፒየን ሆነ። በዓመቱም ደገመው። አምና ደግሞ ሴንት ጆንስ 5ኛ ነበር የተባለው። 18 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ፤ ጥሎ ማለፉንም ጠቀለለው።

የጆርጅታውን ግን ከሁሉም ይለያል። በ2020 መከር ላይ የመጨረሻውን ቦታ፣ 11ኛን ሰጡት። በማርች 2021 ያ መጨረሻ የተባለ ቡድን ጋርደን ገብቶ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። በፍጻሜው ክሬይተንን 73 ለ48 ቀጠቀጠው። አሰልጣኙ ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር፤ በ1984 ጆርጅታውንን የአገር ቻምፒየን ያደረገው ረጅሙ ልጅ። አሳዳጊ አሰልጣኙ ጆን ቶምፕሰን ካረፈ ገና ሰባት ወር አልሞላም። በዚያው ሰሞን ዩዊንግ የጋርደን ጥበቃዎች በየበሩ እያስቆሙ መታወቂያ እንደሚጠይቁት በቁጭት ተናገረ። የገዛ ማሊያው ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ እያለ! ያን ምሽት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። በቀጣዩ ዓመት ያው ጆርጅታውን በኮንፈረንሱ 19 ጨዋታ ተጫውቶ 19ኙንም ተሸነፈ። አንድ ክለብ፣ አንድ አሰልጣኝ፣ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ።

እና መራጮቹ ሰነፎች ናቸው? አይደሉም። መሬቱ ነው ከእግራቸው ስር የሚንቀሳቀሰው።

ማን ቀረ፣ ማን መጣ፣ በስንት?

ድሮ ግምት መስጠት ይቀል ነበር። ማን ተመረቀ፣ ማን ወደ ኤንቢኤ ሄደ፣ ከሃይስኩል ማን መጣ፣ ይኸው ነው። ሌላ ትምህርት ቤት መዘዋወር የፈለገ ተጫዋች አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት። በ2021 ተጫዋች አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት እንዲዘዋወር ተፈቀደ። በ2024 ገደቡ ጭራሽ ተነሳ። አሁን የዝውውር ፖርታል የሚባል አለ፤ ስሙን ያስገባ ተጫዋች ከማንም ጋር ይነጋገራል። የአውሮፓን እግር ኳስ ለምትከታተሉ የዝውውር መስኮት ማለት ነው። ልዩነቱ የውል ዘመን የሚባለው ማሰሪያ በጣም የላላ መሆኑ ነው። ተጫዋቹ በየዓመቱ ነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ገንዘቡም ተጨመረበት። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት በዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ።

እዚህ ላይ ቢግ ኢስት የሚለይበት ነገር አለ። ትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ውስጥ የዚያ ገንዘብ አብዛኛው ወደ አሜሪካን ፉትቦል ነው የሚሄደው። አንድ የፉትቦል ቡድን ከመቶ የማያንስ ልጅ ይዟል። ከቢግ ኢስት 11 ትምህርት ቤቶች ሰባቱ ግን ጭራሽ የፉትቦል ቡድን የላቸውም። ሦስቱ ዝቅ ባለው እርከን ነው የሚጫወቱት። በትልቁ እርከን ያለው ዩኮን ብቻ ነው። ቅርጫት ኳስ የቤቱ የበኩር ልጅ ነው። በጀቱ ቢያንስም ተካፋዩ ጥቂት ነው። ይህ ብልጫ ዓመታት ይዘልቃል ወይ የሚለውን ግን እኔም በስጋት ነው የማየው፤ የፉትቦሎቹ የቴሌቪዥን ገንዘብ ከባድ ነው።

ስለዚህ የዘንድሮን ቡድኖች ስታዩ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ምን ያህሉ አዲስ ነው?" ብላችሁ ነው። መልሱ ከቡድን ቡድን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ማርኬትን እንይ። አሰልጣኙ ሻካ ስማርት ዘንድሮም ከፖርታሉ አንድም ተጫዋች አላመጣም። ሁሉም በሚሸምትበት ገበያ እሱ ጓሮው ያበቀለውን ነው የሚያበስለው። አምና የቡድኑ ምሰሶ የነበሩት ካም ጆንስ፣ ዴቪድ ጆፕሊንና ስቲቪ ሚቸል ሄደዋል። የእነሱን ቦታ ከሥራቸው ሲያድጉ የቆዩት ይረከባሉ። ይህ መንገድ እንዲሳካ እመኛለሁ። ልጅ አራት ዓመት አንድ ቤት አድጎ ማየት ደስ ይላል። ግን ምሰሶ በአንዴ ሲነቀል ጣሪያው መንገዳገዱ አይቀርም።

በተቃራኒው ዛቪየርን እዩ። የዛቪየር ታሪክ የዚህን ዘመን ጠባይ በአንድ ወር ውስጥ ያሳያል። በማርች 2025 ዛቪየር በብሔራዊው ውድድር መክፈቻ ቴክሳስን 86 ለ80 አሸነፈ። ተሸናፊው ቴክሳስ አሰልጣኙን አባረረና ያሸነፈውን አሰልጣኝ፣ ሾን ሚለርን፣ ወሰደው። ተጫዋቾቹም ተበተኑ። ዛቪየር በፈንታው ሪቻርድ ፒቲኖን ከኒው ሜክሲኮ አመጣ። ኒው ሜክሲኮ ደግሞ በዚያው ውድድር ማርኬትን ያሰናበተ ቡድን ነው። አሁን ሪቻርድ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ አዲስ ቡድን ይዞ ይጀምራል። አባቱ ሪክ ፒቲኖ የሴንት ጆንስ አሰልጣኝ ነው። አባትና ልጅ ዘንድሮ በደርሶ መልስ ሊፋለሙ ነው።

ሴንት ጆንስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም አንደኛ የተባለበት ምክንያት በደንብ ይታያል። አምና ቡድኑ በመከላከልና በጉልበት አገሩን አስጨነቀ። ግን ከሩቅ መምታት አይችልም ነበር። ይህ ድክመት ዓመቱን ሙሉ ተሸፍኖ ከረመና ማርች ላይ ወጣ። በብሔራዊው ውድድር ሁለተኛ ዙር ከአርካንሳስ ጋር ሲጫወት 22 የሦስት ነጥብ ኳስ ሞክሮ 2 ብቻ አገባ። ሃያው ከቀለበቱ እየነጠረ ተመለሰ። የኮንፈረንሱ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች አር ጄ ሉዊስ ከ17 ሙከራ 3 ብቻ አስቆጥሮ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ከተጠባባቂ ወንበር ላይ ተመለከተ። 75 ለ66 ተሸነፉ።

ፒቲኖ ዕድሜው 73 ነው፤ ግን የቤት ሥራውን እንደ ወጣት ነው የሚሠራው። በበጋው የሄደው በቀጥታ ወደ ቁስሉ ነው። ኢያን ጃክሰንን ከኖርዝ ካሮላይና፣ ጆሰን ሳኖንን ከአሪዞና ስቴት፣ ኦዛያ ሴለርስን ከስታንፎርድ አመጣ፤ ሦስቱም ነጥብ ማስቆጠር የሚችሉ ልጆች ናቸው። ከመሀል ደግሞ ዙቢ ኤጂዮፎር አልሄደም። አምና ማርኬት ሜዳ ላይ በተጨማሪ ሰዓት፣ ደወሉ ሲደወል አግብቶ ቡድኑን ያሸነፈው እሱ ነው። የጎደለው ኳስ የሚያከፋፍል ነው። አጥቂ በአጥቂ ላይ ተደርቦ ኳሱን ማን ይዞ ይወጣል? ግምቱን ሳነብ የምፈልገው ይህን ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ሳያነሳ "አንደኛ" ያለ ጽሑፍ ብዙ አያስተምርም።

በዚህ ቡድን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ስም አለ፦ ብራይስ ሆፕኪንስ። የመጣው ከዚያው ኮንፈረንስ፣ ከፕሮቪደንስ ነው። በጃንዋሪ 2024 ጉልበቱ ተጎድቶ አምና ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ጤነኛ ሆኖ ከተመለሰ ትልቅ ተጫዋች ነው። ፕሮቪደንስ ሜዳ ሲመለስ የሚጠብቀውን ጩኸት መገመት አያቅትም።

የዩኮን ነገር ሌላ ነው። አሌክስ ካራባን በ2023ም በ2024ም ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ነው፤ ዘንድሮም አለ። ሶሎ ቦልና ታሪስ ሪድም አብረውት ናቸው። ከጆርጂያ ሳይላስ ዲሜሪ፣ ከሃይስኩል ብሬይለን መሊንስ ተጨምረዋል። አምና ዩኮን ሦስተኛ ተከታታይ ዋንጫ እያለመ ሃዋይ ሄዶ በአንድ ውድድር ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ተመለሰ። ችግሩ ተከላካዩን እያለፈ የሚገባ ኳስ ይዞ ሂያጅ ማጣቱ ነበር። ዲሜሪ የመጣው ለዚያ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሴንት ጆንስ ይልቅ ለዩኮን ነው የማደላው። አንድ ላይ የተሸነፉና አንድ ላይ ያሸነፉ ልጆች ጭንቅ ሲመጣ ይተዋወቃሉ።

ኮምፒውተሩስ?

ከድምፅ አሰጣጡ ሌላ የኮምፒውተር ደረጃዎች አሉ። ታዋቂው ኬንፖም ነው። ሠሪው ኬን ፖመሮይ የአየር ሁኔታ ትንበያ ባለሙያ ነበር፤ ነገሩ ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። "ነገ ይዘንባል" አይልም፤ "የመዝነብ ዕድሉ ይህን ያህል ነው" ይላል።

መሠረቱ ቀላል ነው። አንድ ቡድን በጨዋታ 80 ነጥብ ያገባል፣ ሌላው 70። የቱ ይሻላል? ወዲያው 80 ትላላችሁ። የመጀመሪያው ግን ሩጫ ስለሚወድ በጨዋታ 75 ጊዜ ኳስ ይዞ ያጠቃል እንበል። ሁለተኛው ዝግ ብሎ ስለሚጫወት 62 ጊዜ ብቻ። ስናካፍለው የመጀመሪያው በአንድ ማጥቃት 1.07 ነጥብ ገደማ፣ ሁለተኛው 1.13 ገደማ ያገኛል። ስል የሆነው 70 የሚያገባው ነው። በዚህ ላይ የተጋጣሚው ጥንካሬ ይታሰብበታል። ኦክቶበር ላይ ግን ኮምፒውተሩም የሚያውቀው ያለፈውን ነው። አሥር አዲስ ልጆች በአንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተስማምተው ይኑሩ አይኑሩ በቁጥር አይገባም።

ማርች የሚወሰነው ኖቬምበር ላይ ነው

አሁን ወደዚያ 37 ቁጥር ልመለስ። ልጁን ከሁሉም ያስገረመው ይህ ክፍል ነው፤ እኔም ቅድመ ግምት ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

አስራ አንድ ቡድን በነፍስ ወከፍ 20 ጨዋታ ሲጫወት ኮንፈረንሱ ውስጥ በድምሩ 110 ጨዋታ ይኖራል። ይህ ማለት 110 ድልና 110 ሽንፈት። አንድም አይጨምር፣ አንድም አይቀንስ። ጃንዋሪ ላይ ጆርጅታውን በትለርን ቢያሸንፍ አንዱ የወሰደውን ሌላው አጥቷል። ኮንፈረንሱ በአጠቃላይ ከዜሮ አልተነሳም። እንግዲህ "ቢግ ኢስት ጠንካራ ነው" የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከውጭ ቡድኖች ጋር የሚደረገው ጨዋታ ነው። እሱ ደግሞ በአብዛኛው በኖቬምበርና በዲሴምበር ያልቃል። ለእያንዳንዱ ቡድን 11 ገደማ ጨዋታ ነው። ያኔ የተገነባ ስም እስከ ማርች ይከተላል፤ ያኔ የጎደፈ ስምም እንዲሁ።

ኮሚቴው የሚጠቀምበት መለኪያ ኔት ይባላል። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። ሁሉንም ቡድን በደረጃ ይደረድርና እያንዳንዱን ጨዋታ በአራት መደብ ይከፍለዋል። አንደኛው መደብ ውድ ድል ነው። በሜዳህ ከ1 እስከ 30 ያለውን ስታሸንፍ፣ በገለልተኛ ሜዳ ከ1 እስከ 50፣ ከሜዳህ ውጭ ከ1 እስከ 75 ያለውን ስታሸንፍ ታገኘዋለህ። ምሳሌ ልስጥ። 60ኛ ደረጃ ላይ ያለ ቡድን በሜዳህ ብታሸንፈው ሁለተኛ መደብ ነው። ያንኑ ቡድን ሜዳው ድረስ ሄደህ ብታሸንፈው አንደኛ መደብ ይሆናል።

አሁን አስቡት። የኮንፈረንሱ ቡድኖች በኖቬምበር ከተሸነፉ ደረጃቸው ያሽቆለቁላል። ያን ጊዜ ጃንዋሪ ላይ እርስ በርስ ሲጫወቱ የሚገኘው ድል ርካሽ ይሆናል። ጎረቤትህ ኖቬምበር ላይ መሸነፉ አንተን ፌብሩዋሪ ላይ ይጎዳሃል። ልጄ፣ ጠላትህን ሳይቀር ኖቬምበር ላይ መደገፍ ያለብህ ለዚህ ነው አልኩት። ሴንት ጆንስን እንድደግፍ ነው? አለኝ ፊቱን አጨማዶ። አዎ፣ እስከ ገና ድረስ።

በ2024 የሆነውን አንርሳ። ሲተን ሆል በኮንፈረንሱ 13 አሸንፎ 7 ተሸንፎ በደረጃው ከላይኞቹ ተርታ ጨረሰ። ብሔራዊው ውድድር አልጠራውም። ሴንት ጆንስም፣ ፕሮቪደንስም ቀሩ። ከ11 ቡድን የተጠሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ዩኮን፣ ማርኬትና ክሬይተን። ሴንት ጆንስ በኖቬምበር 2023 በገዛ ጋርደኑ በሚሺገን ተሸንፎ ነበር። ያን ቀን ሚሺገን ደህና ቡድን ይመስል ነበር። ዓመቱን የጨረሰው ግን 8 አሸንፎ 24 ተሸንፎ ነው። በአንድ ተራ የኖቬምበር ምሽት የሆነ ሽንፈት እየከበደ እየከበደ ሄደ።

ሌላም ነገር ተደረበ። በዚያ ዓመት በየኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ ያልተጠበቁ ቡድኖች እየወጡ ዋንጫ ወሰዱ፤ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት አንዱ ነበር። ያለዚያ የማይጠራ ቡድን ቀጥታ ትኬት ሲቆርጥ ኮሚቴው ከሚሞላቸው ቦታዎች አንዱ ይነጠቃል፤ የሚነጠቀውም ከመጨረሻው ወረፋ ላይ ካለው ነው። በ2021 ጆርጅታውን ራሱ እንደዚህ ነጣቂ ነበር። የኛ ደስታ ለአንድ ሌላ ከተማ ለቅሶ ነበር ማለት ነው። ሲተን ሆል ንዴቱን በሁለተኛው ውድድር በኤንአይቲ ተወጣው፤ ፍጻሜውን 79 ለ77 አሸንፎ ዋንጫውን ይዞ ተመለሰ። አምና የተጠሩት አምስት ሆኑ።

ስለዚህ ዘንድሮ የማያቸው ጨዋታዎች የትኞቹ ናቸው? የዩኮን መርሐ ግብር ደፋር ነው። ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲን (ቢዋይዩን) ቦስተን ላይ፣ አሪዞናን በሜዳው፣ ካንሳስን ካንሳስ ድረስ ሄዶ፣ የአምናውን ቻምፒየን ፍሎሪዳን ጋርደን ውስጥ ይገጥማል። ፍሎሪዳ አምና ዩኮንን 77 ለ75 አሰናብቶ ነው ዋንጫውን የወሰደው። ሴንት ጆንስ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አላባማን ያስተናግዳል። ዲሴምበር 20 ደግሞ አትላንታ ላይ ከኬንታኪ ጋር ይገናኛል፤ ፒቲኖ በ1996 ቻምፒየን ካደረገው ቡድን ጋር። የኬንታኪው አሰልጣኝ ማርክ ፖፕ የዚያ ቡድን ተጫዋች ነበር። ከእነዚህ ግማሹን ቢያሸንፉ ኮንፈረንሱ አምስት፣ ምናልባት ስድስት ትኬት ያገኛል ብዬ አስባለሁ።

የቀሩትን በአጭሩ። ክሬይተን ራያን ካልክብሬነርን አጥቷል። ኮንፈረንሱ ውስጥ አራት ዓመት በተከታታይ የመከላከል ምርጥ የተባለ ረጅም ልጅ ነበር፤ ቀለበቱ ሥር ግንብ ማለት ነው። አሁን መከላከያቸው ከሥር መሠረቱ መቀየር አለበት። ሦስተኛ ያሏቸው ለአሰልጣኙ ግሬግ ማክደርሞት ባላቸው እምነት ይመስለኛል። ቪላኖቫ ኬቪን ዊላርድን ከሜሪላንድ አምጥቷል። ዊላርድ ሲተን ሆልን ለዓመታት ስላሠለጠነ የኮንፈረንሱን ጓዳ ጎድጓዳ ያውቃል። በትለር፣ ዲፖል፣ ፕሮቪደንስና ሲተን ሆል ላይ ለመናገር እስከ ዲሴምበር መጠበቅ እመርጣለሁ።

ጆርጅታውንስ? አሰልጣኙ ኤድ ኩሊ ሦስተኛ ዓመቱን ይጀምራል። የመጀመሪያው ዓመት በኮንፈረንሱ 2 ድልና 18 ሽንፈት ነበር። አምና ወደ 8 ድልና 12 ሽንፈት ከፍ አለ። ባለተስፋው ቶማስ ሶርበር እግሩ ተጎድቶ ሲዝኑን ሳይጨርስ ቀረ፤ ከዚያ ኤንቢኤ አዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጥበት ድራፍት 15ኛ ተመርጦ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ሄደ። የቀረልን ማሊክ ማክ ነው፤ የዚሁ የኛ አካባቢ ልጅ፣ ከሃርቫርድ የመጣ። ከአሪዞና ኬጄ ሉዊስ ተጨምሯል፤ ሲከላከል አይለቅም። ከሴንት ጆንስ ደግሞ ረጅሙ ቪንሰንት ኢዉቹኩ መጥቷል። ጆርጅታውን ከ2021 ወዲህ ብሔራዊው ውድድር አልጠራውም። እዚያ ገብቶ ካሸነፈ ደግሞ አሥር ዓመት ሆነው። የእህቴ ልጅ ያን ድል አያስታውስም፤ ሕፃን ነበር።

ለዚህም ነው ደረጃውን ትተን መርሐ ግብሩን የዘረጋነው። እራቱ ተነስቶ ቡና እስኪቀርብ ድረስ ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ አየን። በመጀመሪያው ሳምንት ጆርጅታውን ኮሌጅ ፓርክ ሄዶ ከሜሪላንድ ጋር ይጫወታል። ሜሪላንድ አሰልጣኙን ለቪላኖቫ ሰጥቶ በአዲስ አሰልጣኝ፣ ከሞላ ጎደል በአዲስ ቡድን ነው የሚጀምረው። ከቤታችን በመኪና ብዙ አይርቅም። ከሜዳ ውጭ ነው፤ ሜሪላንድ ሲዝኑን በኔት ከ1 እስከ 75 ባለው ደረጃ ከጨረሰ፣ እሱን ማሸነፍ አንደኛ መደብ ድል ነው። ልጁ ይህን በጣቱ ቆጥሮ ራሱ ደረሰበት። ከዚያ ስልኩን አነሳና ስለ ሴንት ጆንስ ሳይሆን ስለ ትኬት ዋጋ ማየት ጀመረ።